ሦስት ቀለበት

ተረት ተረት። የላም በረት።

አንበሳ በነገሠበት አገር፣ ከአንድ ያረጀ ዋርካ ሥር፣ ችሎት ይውል ነበር። ንጉሡ ከግንዱ አጠገብ መጋረጃ ተጋርዶለት ይቀመጣል። ፊቱን ማንም አያይም። ቃሉን የሚያወጣለት በቀቀን ነው፤ ከመጋረጃው ውስጥ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለጉባኤው ያወጣል፣ ጉባኤው ያለውንም እንዲሁ ወደ ውስጥ ያስገባል። ለበቀቀን ወንበር አልተሠራለትም። በመጋረጃውና በጉባኤው መካከል ቆሞ ይውላል፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ጆሮውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያዘነብላል።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ጎንደር ላይ የነገሥታቱ ችሎት እንዲህ ነበር። ንጉሡ በመጋረጃ ይከለላል፤ ቃሉን የሚያደርሰው ሹም ቃል ሐፄ ይባላል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ይህን ሥርዓት ጽፎታል። ፍርድ ሲሰጥ ከታች ያለው ሹም ቀድሞ እንደሚናገር፣ ቃሉ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ የንጉሡም ቃል ከሁሉ በኋላ እንደሚመጣ ጽፏል። ዳኞቹም ስማቸው ወንበር ነበር፤ ቀኝ ወንበር፣ ግራ ወንበር። በአማርኛ ወንበር ማለት የሚቀመጡበት ዕቃም፣ የሚፈርደው ሰውም ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ስም ሲሰጡ፣ አንዱ በሌላው እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ ያሉን ይመስለኛል።

ወደ ዋርካው ልመለስ። ወንበሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ከመጋረጃው በስተቀኝ ዝሆን፣ በስተግራ ጎሽ፤ ከዚያ አዛዡ ነብር፤ ከዚያ አጋዘኑ፣ ከርከሮው፣ ጅቡ፣ ሌሎቹም እንደየማዕረጋቸው። የመጨረሻዋ ወንበር የዋርካው ጥላ ከሚያልቅበት፣ ፀሐይ ከምትመታው ዳር ናት፤ እዚያ ሚዳቋ ትቀመጣለች። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ሲግል እግሮቿን እያፈራረቀች ታነሣለች። መጀመሪያ የምትናገረው ግን እሷ ናት። ሚዳቋ ያየችውን፣ የመሰላትን ትናገራለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ጥንቸል፣ ከዚያ ጅብ እያለ፣ ቃሉ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ይሄዳል። ነብር ሲደርሰው ዘጠኝ ቃል ሰምቷል። ዝሆን ሲደርሰው አሥራ አንድ። ጥላ ያገኘ ቃሉን ይጠብቃል፤ ፀሐይ የመታው ቃሉን ያስቀድማል።

ስለ ጎንደር ስንናገር ግንቡን እናነሣለን፤ እኔ ግን ከግንቡ ሁሉ ይህን ሥርዓት አስበልጠዋለሁ። ጌታው አንዴ ከተናገረ በኋላ ታናሹ ሎሌ ምን ሊል ነው? ድንጋይ እየፈለጠ ግንብ የሚያቆም ብዙ ነው። ታናሽ ሰው ከፍርሃቱ በፊት እንዲናገር ጊዜ ሰጥቶ፣ ያንን ጊዜ በሕግ አጥሮ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር፣ በአንድ የጥቅምት ሌሊት፣ የላሚቱ ጥጃ ጠፋ። ከወንዙ ዳር ወድቆ አገኘችው። አንገቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ላሚቱ እስኪነጋ ላሰችው፤ ምላሷን ባወጣች ቁጥር በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ልክ ይገባል፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። የልጅ ቁስል መጠኑ ከእናት አይጠፋም። ሊነጋ ሲል ውኃ ልትጠጣ ዘወር ብላ ስትመለስ ቀበሮን ከጥጃው ታፋ ላይ አገኘችው፤ አፉ በደም ርሷል።

ኡኡ አለች፤ ጎረቤት ወጣ። «በቀንድሽ ወግተሽ ጨርሺው!» አሏት። እሷ ግን «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ብላ ወደ ዳኛ ልሂድ አለች። እንደ ሥርዓቱም ሁለቱን አቆራኟቸው።

ቁራኛን የዛሬ ልጆች በስም ነው የሚያውቁት። ከሳሽና ተከሳሽ ከዳኛ ፊት እስኪደርሱ በአንድ ሰንሰለት፣ ወይም ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለውም ያንን ያስታውሰናል። የላሚቱ የፊት እግርና የቀበሮው የፊት እግር በአንድ ሰንሰለት ተያያዘ። ሰንሰለቱ ዘጠኝ ቀለበት ነበረው።

ሰኞ ጧት ዋርካው ሥር ደረሱ። ችሎት ግን የለም።

ዝሆን በዚያ ሳምንት አርፎ ነበር፤ ቀኝ ወንበር ባዶ ሆነች። ጎሽ «ግራ ወንበር ወደ ቀኝ ያልፋል፤ አባቴም እንዲሁ አልፏል» አለ። ነብር ተነሣና «ቀኝ ወንበር በጦር ሜዳ ፊት ለፊት ለዋለ ነው፤ አያ ጎሽ ያን ጊዜ የት ነበር?» አለ። በማር ተወራረዱ። በበቅሎ ተወራረዱ። ምስክር ቆጠሩ፤ የሞቱ ምስክሮችን ሳይቀር ጠሩ። አጋፋሪው ዝንጀሮ መጣና «ሹም ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነው፤ እኔ እጁን ይዤ ያስቀመጥኩት ይቀመጣል» አለ። ጸሐፊዋ ጦጣ ደግሞ «ስም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት መጀመሪያ ይቀመጣል» አለች። ሰኞ በዚህ መሸ። ማክሰኞ በዚህ መሸ።

እነዚህ ሹማምንት ክፉዎች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የያዙት ነገር እውነት አለበት። አጋፋሪ ያስቀምጣል፤ ጸሐፊ ይጽፋል፤ ማዕረግም ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ከወንበር የሚወርድ ሰው ዘመዱ ሁሉ አብሮት እንደሚወርድ ያውቃል፤ ልጁን የሚድርለት፣ ዕዳውን የሚታገሥለት ያጣል። ስለዚህ ይሟገታል። ግን እየተሟገተ፣ ወንበሩ ስለ ምን እንደተሠራ ከልቡ ይወጣል።

ረቡዕ ነብር አናጢውን ግንደ ቆርቁርን አስጠርቶ ቀኟን ወንበር አንድ ስንዝር ከፍ አሠራት። አጋዘኑ «የእኔስ?» አለ። ከርከሮውም «የእኔስ?» አለ። የወንበር ከፍታ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይ የወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ከዳኞቹ ጋር ከፍ ካለው መድረክ ላይ ይቀመጣል፤ ጠበቃና ተከሳሽ ከታች። ጠበቆቹ ይህን «የአናጢው ስህተት» ይሉታል። አንድ እርከን እንጨት ተከሳሹ የሚያየውንና የሚሰማውን ይለውጣል፤ ቀና ብሎ የሚመለስ ቃልና ዓይን ለዓይን የሚመለስ ቃል አንድ አይደለም።

ሐሙስ በቀቀን ወንበር ጠየቀ። «ሁሉ ተቀምጦ እኔ ስቆም ሹም እመስላለሁ ወይ?» አለ። ጥያቄው ልብ ይነካል፤ ሌሎቹ ሁሉ ማዕረግ ሲነጣጠቁ ያየ አገልጋይ ምን ይበል? በእኛም ታሪክ ይህ መንገድ ረጅም ነው። አፈ ንጉሥ መጀመሪያ የንጉሡ አፍ ነበር፤ እያደር የዳኞች ሁሉ አለቃ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነው። አፍ ዳኛ ሲሆን በቦታው ደኅና ቃል አቀባይ ካልተተካ፣ ከመጋረጃው ውስጥ ያለው ምን ይሰማል? ለበቀቀን ወንበር ተሠራለት። ወንበሩ ከመጋረጃው አምስት እርምጃ ራቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልሰማውን በግምት ይሞላው ጀመር።

ዓርብ ነብር አሸነፈ። ከፍ ባለችው ቀኝ ወንበር ተቀመጠ። ወዲያውም እንዲህ አለ፦ «ድሆቹ ከሰኞ ጀምሮ በቁራኛ እየተጉላሉ ነው። እኛ አሥራ አንዳችን አንድ በአንድ ከታች ስንጀምር ቀኑ ይመሻል። ትልልቆቹ ቀድመን ከተናገርን ነገሩ ያጥራል፤ የታችኞቹም ያልተስማማቸውን ብቻ ይጨምሩ።»

ሁሉም ደክሟቸዋል። ነገሩም ለድሃ የታሰበ ይመስላል። «መልካም» አሉ። ሕግ አንባቢው ኤሊ ብቻ አንገቱን አወጣ። «ጌቶቼ፣ ወንበር ለክብር ነው፣ ቃል ግን ለሥራ ነው። ጥላውን የወሰደ ቃሉን ለፀሐዩ እንዲተው አባቶች የደነገጉት ለዚህ ነው። ሁለቱን ለአንድ ሰው ከሰጣችሁ ለሚዳቋ ምን ተረፈ?» አለ።  የመለሱለት ግን «የአንባቢው ቦታ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ገና አልተቆረጠም፤ ሲቆረጥ ትናገራለህ» የሚል ነው።

በእነዚህ ሌሊቶች ላሚቱና ቀበሮው ከዋርካው ውጭ፣ ጤዛ ላይ ያድሩ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ጀርባ ሰጥታው ተኛች። በሁለተኛው ሰንሰለቱ የሁለቱንም እግር በአንድ ቦታ ላጠው፤ ዝንብ ከእሷ ቁስል ተነሥቶ እሱ ላይ ያርፋል፣ ከእሱ ተነሥቶ እሷ ላይ። በሦስተኛው ወንዝ ወርዳ ስትጠጣ፣ እሱ ካልጠጣ እንደማትነሣ ገባት፤ ቆማ ጠበቀችው።

«እማማ፣ ሥጋውን በልቻለሁ፤ አልክድም» አላት ቀበሮ። «ርቦኝ ነበር። ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

አልመለሰችለትም።

በአራተኛው ሌሊት ጨረቃ ነበረች። ቀበሮ ላሚቱ የተኛች መስሎት ሰንሰለቱን ይነክስ ጀመር። ላሚቱ በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። ሁለቱ ክራንቻዎቹ አንዷን ቀለበት ከዚህና ከዚያ ያዟት። አንዷን ብቻ። አፉን የቻለውን ያህል ከፍቶ ሞከረ፤ አንዷን ነው የሚይዘው። ጥርሱ ሲንሸራተት ብረቱ ጠቅ ይላል፤ ትቶ ደግሞ ይጀምራል።

ላሚቱ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። ሰንሰለቱን በምላሷ ላይ አጋደመችው። ቀዝቃዛ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቆጠረች። ሦስት ቀለበት።

ሲነጋ ወደ አጋፋሪው ሄደች። «ጌታዬ፣ ለዳኞቹ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ» አለችው። ዝንጀሮ አላጣጣላትም፤ ግን እጁ ሁሉ በወንበር ተይዟል፤ «እመት ላም፣ የከሳሽ ቦታ ከጦጣ በላይ ይሁን በታች ገና አልለየም። ሲለይ እጠራሻለሁ» አላት። አልጠራትም።

እሑድ ችሎቱ ተሰየመ። ነብር ከከፍታው ላይ ሆኖ ቀድሞ ተናገረ። «አፉ በደም ርሶ ተገኝቷል። ቀበሮ ገድሏል። ደም በደም ይመለስ።»

ጎሽ አመነታ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከነብር ጋር ተሟግቶ ተሸንፏል፤ አሁን ቢቃወም ቂም ነው ይሉታል። «እንደ አዛዡ» አለ። አጋዘኑ «እንደ አዛዡ» አለ። ከርከሮው፣ ጅቡ፣ ጥንቸሉ። ቃሉ ከጥላው ወደ ፀሐዩ ወረደ፤ በደረሰበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ሚዳቋ የምትኖረው ወንዙ ዳር ነው። ሕይወቷ ዱካ በማንበብ ነው የቆመው፤ ያላነበበች ቀን አውሬ ይበላታል። በዚያ ሌሊት ማግሥት ለውኃ ስትወርድ እርጥቡ አሸዋ ላይ ሰፊ፣ ክብ ዱካ አይታለች፤ ጥፍር የሌለበት። ቀበሮ ሲረግጥ ጥፍሩ ከጣቱ ፊት አሸዋውን ይነቁራል። ይህ አይነቁርም፤ ጥፍሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ የሚሄድ አውሬ ነው። የማንንም ስም ልትጠራ አላሰበችም። «ዱካው ጥፍር አልነበረውም» ልትል ብቻ ነበር ሳምንቱን ሙሉ ያሰበችው። ሦስት ቃል። እንደ ድሮው ቢሆን ከማንም በፊት ተነሥታ ትላት ነበር፤ ከተባለችም በኋላ አሥሩ ወንበሮች አልሰማንም ማለት ባልቻሉ።

አሁን ግን አሥር ቃል ከላይዋ ተከምሯል። ቆመች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ። የፊት እግሯ ይንቀጠቀጣል።

«እኔም እንደ ጌቶቼ» አለችና ተቀመጠች።

በእሷ አልፈርድም። ቃሏን የወሰዱባት ዓርብ ዕለት ነው፤ እሑድ የቀራት ድምፅ ብቻ ነበር።

በቀቀን ከወንበሩ ሳይነሣ ወደ መጋረጃው «ጉባኤው በአንድ ቃል ነው» አለ። ከውስጥ የሆነ ነገር ተሰማ፤ በቀቀን በደንብ አልያዘውም፣ «ጸድቋል ብለዋል» አለ። እንደ ጥንቱ ሕግ ገዳይ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወገኑ ቢፈልግ ይገድላል፣ ቢፈልግ የደም ካሣ ይቀበላል፣ ቢፈልግ ይምራል። ቀበሮ ለላሚቱ ተሰጠ። ሹማምንቱ ለምሳ ሊነሡ ሲሉ፣ ማን ቀድሞ ይነሣ የሚለው ስላልተቆረጠ ትንሽ ዘገዩ።

«በሕግ አምላክ!»

ላሚቱ ናት። በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ የሚራመድ እግሩን እንኳ አያሳርፍም። ሁሉም ባሉበት ቀሩ።

«ሰጣችሁኝ?» አለች።

«ተሰጥቶሻል» አለ ነብር።

«የተሰጠኝ ከሆነ የፈለግሁትን አደርጋለሁ። ሰንሰለቱን ከእግሩ ፍቱልኝ። የእኔ እግር ላይ ያለው ይቆይ።»

ተፈታ። ቀበሮ ሊሮጥ ይችል ነበር፤ አልሮጠም። የተላጠ እግሩን እየላሰ ቆመ። ላሚቱ የሰንሰለቱን ጫፍ የሚይዝላት ፈለገች። ሸኮና ሰንሰለት አይዝም። ዞር ዞር ብላ አየች። ያን ጊዜ ጦጣ የወንበሮቹን ዝርዝር የጻፈችበትን ብራና ጠቅልላ አስቀመጠችና፣ ብዕሯን ከጆሮዋ ጀርባ ሰክታ፣ መጥታ ያዘችላት።

«ምን ልጻፍ፣ እመት ላም?»

«የማስለካሽን።»

ከፀሐዩ ዳር ጀመረች። «አፍሽን ክፈቺልኝ፣ እሜቴ» አለቻት ሚዳቋን። ሚዳቋ ከፈተች፤ ክራንቻ የላትም። ጦጣ ጻፈች። ጥንቸል ከፈተ፤ ጦጣ ጻፈች። ጅቡ ጋ ሲደርሱ ሁሉም አንገቱን አሰገገ፤ ሌሊት የጠፋ ነገር ሁሉ በእሱ ሲላከክ ስለኖረ፣ አፉን ሲከፍት ዓይኑን ጨፈነ። ሰንሰለቱ በክራንቻዎቹ መካከል ተጋደመ። አራት ቀለበት። ጅቡ ዓይኑን ገለጠ። ከርከሮው የሱ ጥርስ ከአፉ ውጭ መሆኑን አሳየ። አጋዘኑ ከፈተ። ጎሽ ከፈተ፤ ሳይጠየቅ ራሱን ዝቅ አደረገላት።

ኤሊ ከሥር ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ቦታው በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ማንም አልጠየቀውም።

ላሚቱ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ገባች። ሚዳቋ ከወንበሯ ተነሥታ ከኋላ ትከተላለች፤ የሆነ ነገር ለጦጣ በጆሮዋ ነገረቻት፣ ጦጣም ጻፈች። በቀቀን ይህን አይቶ ከወንበሩ ወረደ። ከመጋረጃው አጠገብ፣ የድሮው ቦታው ላይ ቆመ፤ ጆሮውን አዘነበለና ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ ውስጥ ተናገረ፦ «ላሚቱ ሰንሰለት ይዛ የወንበሮቹን አፍ እየለካች ነው። አሥር ለክታለች። ልኩ ሦስት ቀለበት ነው ትላለች። ሚዳቋ ደግሞ ዱካው ጥፍር አልነበረውም ትላለች።»

መጋረጃው ተነቃነቀ።

ከቀኟ ወንበር ፊት ደረሱ። ወንበሯ አንድ ስንዝር ከፍ ያለች ስለሆነች ላሚቱ ቀና ማለት ነበረባት። ጦጣ ሰንሰለቱን ከሦስተኛው ቀለበት ላይ ወጥራ ያዘች።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ ጌታዬ» አለች ላሚቱ።

ቀድሞ ለመናገር ሳምንት ሙሉ የተሟገተው ነብር፣ ከንፈሩን ገጥሞ ዝም አለ። ላሚቱም ሰንሰለቷን እንደያዘች ከፊቱ ቆማ ትጠብቀዋለች።